ከጣርማ በር ማዶ፤ ላንድክሩዘር 300 በመንገዱ ሲመዘን

ለገጣፎ መውጫ ካለው ነዳጅ ማደያ ስደርስ ገና አልነጋም። መኪናው ቀድሞኝ ቆሟል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አራቱንም ጎማዎች በመዳፉ ይዳብሳል። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተና የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዘ፤ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዝዞ ወደ መብራቱ አቅንቶ አየ። መኪናው አዲስ ነው። ችግር ቢኖር ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። እሱ ግን በ77ቱ ድርቅ ወደ ወሎ እህል ለሚያደርስ ድርጅት ሹፍርና ከጀመረበት ቀን አንስቶ ይህን ሳያደርግ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ ልጄ፣ ብርዱ ሳይመታህ።"

መኪናው የአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ንብረት ነው። ለሁለት ቀን ሲፈቅድልኝ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረው፤ ሾፌሩ አብሮ ይሄዳል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና አስፋልት ላይ ለአንድ ሰዓት ነድቶ ፍርድ የሚሰጥ ሰው የሚፈርደው በቆዳው ወንበርና በስክሪኑ ስፋት ላይ ነው። እዚህ አገር ላንድክሩዘር የሚገዛው ግን ለሌላ ነገር ነው፤ ቢያንስ መገዛት የነበረበት ለሌላ ነገር ነው። መልሱን ላውቀው የምፈልገው ጥያቄም አንድ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣበት መኪና፣ ከጋራዥ 100 እና 200 ኪሎ ሜትር ርቀን ስንገኝ ምን ይሰጠናል?

አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሰው ይህን መኪና ሲያይ "ቪ8 መጣ" ይላል። ስሙ ከባለሥልጣንና ከሀብት ጋር ተጣብቆ የቀረ ስለሆነ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ 300 ተብሎ የሚታወቀው ይህ ትውልድ ስምንት ሲሊንደር የለውም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ይፋ ሲያደርገው የቀድሞውን 200 ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ጥሎ በሁለት ባለ ስድስት ሲሊንደሮች ተካቸው። አንደኛው 3.5 ሊትር ቤንዚን ሲሆን 415 የፈረስ ጉልበት አለው። ሌላኛው፣ እኛ የያዝነው፣ 3.3 ሊትር ናፍጣ ነው፤ 309 የፈረስ ጉልበትና 700 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። ሁለቱም መንታ ቱርቦ አላቸው። በአንዳንድ ገበያዎች ቱርቦ የሌለው የቆየው 4.0 ሊትር ቤንዚንም አብሮ ይሸጣል። የያዝነው ደረጃ ጂአር ስፖርት የሚባለው ነው፤ ከቅንጡው ይልቅ ለክፉ መንገድ የተሰናዳው።

"ስድስት ነው ሲሉኝ ተናድጄ ነበር" አለኝ ሾፌሩ ሰንዳፋን አልፈን ሜዳው ሲገለጥልን። "ስምንቱን ለምጄዋለሁ። ድምፁ ራሱ ያሳርፍሃል።"

"አሁንስ?"

"ዳገቱ ይነግርሃል።"

ዳገት ያለው በምክንያት ነው። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው፤ ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ስንወጣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 270 የፈረስ ጉልበት ገደማ የተጻፈለት ባለ 4.0 ሊትሩ ቤንዚን ጣርማ በር አናት ላይ ሲደርስ ከ180 ብዙ አይበልጥም ማለት ነው። ዱባይ ላይ የተሞከረ መኪና ሸዋ ደጋ ላይ ሲደክም ባለቤቱ "የተበላሸ ሸጡልኝ" ብሎ ሜካኒክ ቤት የሚመላለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መኪናው አልተበላሸም፤ አየር አንሶት ነው።

ቱርቦ ይህን ጉድለት ይሞላል። በጭስ መውጫው በሚወጣው ትኩስ ጋዝ እየተሽከረከረ ከውጭ ያለውን ስስ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ከሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጭነት ያጎበጠውን ባለ ተሳቢ ለመቅደም ሾፌሩ እግሩን ሲጫን ያየሁት ይህንኑ ነው። ጩኸት የለም፣ መንገፍገፍ የለም። ማርሹ ሁለት ሦስት ደረጃ ወረደ፤ 2.5 ቶን የሚመዝነው አካል ሳንዘጋጅለት ወደፊት ተስፈነጠረ። የቀድሞው ባለ 4.5 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ናፍጣ 650 ኒውተን ሜትር ነበረው፤ ይህኛው ሁለት ሲሊንደር ጎድሎት በ50 ይበልጠዋል። ጉልበቱም ገና ሞተሩ በደቂቃ 1,600 ዙር ላይ እያለ ሙሉ በሙሉ ይገኛል። ማርሾቹ ከስድስት ወደ አሥር ስለጨመሩ ሞተሩ ሁልጊዜ የሚመቸው ቦታ ላይ ነው። ሾፌሩ ግን የስምንቱ ድምፅ ናፍቆታል፤ እውነቱን ነው፣ የዚህኛው ድምፅ አያሳርፍም። የሚያሳርፈው አለመድከሙ ነው።

ደብረ ብርሃን ቁርስ በልተን ልንነሳ ስንል አንዲት እናት ወደ ደብረ ሲና ለመሄድ መኪና አጥተው መንገድ ዳር ቆመዋል። በነጠላቸው የቋጠሩት የባቄላ እሸት አለ። ሾፌሩ ወርዶ የጋቢናውን በር ከፈተላቸው፤ እኔም ወደ ኋላ ተዛወርኩ። የመኪናው የመጀመሪያ ጉድለት የታየኝ እዚህ ላይ ነው። ከፍታው ለደረቅ ወንዝ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለእማማ ጉልበት የተሠራ አይደለም። የጎን መርገጫው ጠባብ ነው፤ በሩ ላይ ያለው መያዣ ደግሞ ለረጅም እጅ ነው። ሾፌሩ ከታች ደግፎ፣ እኔ ከላይ ስቤ ነው የተቀመጡት። የዚህን ያህል ዋጋ የሚጠየቅበት መኪና አሮጊት እናት ራሳቸውን ችለው ሊገቡበት ይገባ ነበር። በከተማ ቤተሰብ የሚያመላልስ ገዢ ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ጥቂት እንደሄድን እማማ ዞር ብለው "ልጄ፣ ወንበሩ ይነፍሳል" አሉኝ። የፊት ወንበሮቹ ከውስጥ አየር የሚነፍሱ ናቸው፤ ቁልፉ በስህተት ተነክቷል። ሾፌሩ አጥፍቶ ማሞቂያውን አበራላቸው። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን የሰማነው ጣርማ በር ስንደርስ ነው። ተኝተው ነበር። ስለ ፊት ወንበር ምቾት ከዚህ የተሻለ ምስክር ስለማላገኝ ወደ ኋላው ልለፍ።

የኋላ ወንበር ሰፊ ነው፤ ጉልበት አይጨናነቅም፣ የአየር መውጫው የብቻው ነው። አስፋልቱ ጤነኛ በሆነበት ቦታ ሁሉ ጸጥታው ይገርማል፤ እኔና ሾፌሩ ድምፃችንን ሳናነሳ ነው ያወራነው። አስፋልቱ የተበጣጠሰበት ቦታ ላይ ግን አካሉ ከታች ይንቀጠቀጣል። ትልቅ ጉድጓድ ሲሆን በሚገርም ሁኔታ ይውጠዋል፤ ተከታታይ ትንንሽ ስብራት ሲሆን ግን ንዝረቱ ወንበር ድረስ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ከኋላ ያለው ዲፈረንሻል ከግራ ቀኙ ጎማ ጋር በአንድ ወጥ አክስል ላይ ስለሆነ ነው። አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላውም ያውቃል። ሰባት ሰው በሚጭነው ዓይነት ሦስተኛው ረድፍ የልጆች ቦታ ነው፤ አዋቂ እዚያ አስቀምጦ ጎንደር መውሰድ ግፍ ነው። በቀድሞው 200 ላይ እነዚያ ወንበሮች ወደ ጎን ታጥፈው ይሰቀሉ ነበር፤ አሁን ወለሉ ላይ ስለሚተኙ ለዕቃ ቦታ ተገኝቷል።

ቅንጦት ብቻ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ያገኛል። ሬንጅ ሮቨር ወይም መርሴዲስ ጂኤልኤስ በአየር ከረጢት ላይ ስለሚሄዱ በተመሳሳይ አስፋልት ላይ ይህን ንዝረት በጭራሽ አያሰሙም። የራሱ ወንድም ሌክሰስ ኤልኤክስ እንኳ ያንኑ ሻንሲና ያንኑ ቤንዚን ሞተር ይዞ፣ ከፍታውን በሚያስተካክል የሃይድሮሊክ ሥርዓት ከሱ ይለሰልሳል። ስለዚህ በምቾት ብቻ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው ላንድክሩዘር 300 አንደኛ አይወጣም። እኔ በበኩሌ ሁለተኛም አላደርገውም።

ነገር ግን ከዓመታት በፊት በአንድ የአየር ከረጢት ባለው ቅንጡ መኪና ወደ ሰሜን ስንጓዝ አንደኛው ከረጢት ፈነዳ። የመኪናውን ስም ልተወው። የቀኝ የኋላ ጎኑ ጎማው ላይ ተኛ፤ ጋራዥ ተጠየቀ፣ ዕቃው አገር ውስጥ የለም ተባለ። ሁለት ሌሊት መንገድ ዳር አድረን መኪናው በጭነት ተሳፍሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ መኪና ውስጥ በገባሁ ቁጥር "የሚያለሰልሰው ነገር ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?" ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ላንድክሩዘሩ ላይ ያለው የሞላ ብረት ነው፤ በአራቱም በኩል። የሚሰበርበት ጊዜ አለ፤ የሚቀየርበት ከተማ ደግሞ ብዙ ነው።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ ተሻግረን ስንወጣ አገሩ ከእግራችን ሥር ወረደ። ጉሙ ገደሉን ሞልቶታል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ መውረዱን አያቆምም። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና የሚፈተነው በጉልበቱ አይደለም፤ በፍሬኑ ነው። 2.5 ቶን ብረት ቁልቁል ሲሄድ ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ የሚነዳ ሰው ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቅተዋል።

ሾፌሩ የማርሹን ዘንግ ወደ ጎን ሳብ አድርጎ በእጁ መቆጣጠር ጀመረ። አራተኛ፣ ሦስተኛ። ሞተሩ አጉረመረመና መኪናውን ከፊት ያዘው። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ፍሬኑን አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል፣ ይለቃል።

"ይሄን ያህል ማርሽ መኖሩ እዚህ ነው የሚጠቅመው" አለኝ። "በድሮው ወይ ይፈጥንብሃል ወይ ያለ ልክ ይጮህብሃል። ለዚህኛው የሚመጥነውን ትመርጥለታለህ።"

በኩርባዎቹ ላይ ሌላ ነገርም አየሁ። እንዲህ ረጅም መኪና ሲጠማዘዝ ወደ ጎን መጋደሉ ያስፈራል፤ በ200 ላይ ሳይቀር እንደ ጀልባ ይወዛወዝ ነበር። የዚህኛው የፊትና የኋላ ማረጋጊያ ዘንጎች በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙ ናቸው። አስፋልት ላይ ጠንክረው አካሉን ቀጥ አድርገው ይይዙታል፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ ደግሞ ይፈቱና እያንዳንዱ ጎማ እንደ ልቡ እንዲወርድና እንዲወጣ ይለቁታል። ሁሉም ደረጃ ላይ የለም። የሚገዛ ሰው ስክሪን ከመጠየቁ በፊት ይህን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

እማማ ደብረ ሲና ሲወርዱ ነጠላቸውን ፈትተው እሸቱን በእፍኝ በእፍኝ ወንበሩ ላይ ቆጠሩልን። እምቢ ማለት አይቻልም። መርቀውን ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደጋው ተመልሰን ከዋናው መንገድ ወደ አንድ የገጠር ኮረኮንች ተገነጠልን። ክረምቱ ከወጣ ብዙም ስላልሆነው መንገዱ በጎርፍ ተቦርቡሯል፤ በግራ በኩል የጋሪ ያህል ስፋት ያለው ቦይ አብሮን ይሄዳል። ገብሱ ወደ መብሰሉ ነው። እረኞች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩናል። ሾፌሩ ማርሹን ወደ ከባዱ ቀይሮ የኋላውን ዲፈረንሻል ቆለፈው።

ላንድክሩዘር አሁንም በመሰላል ቅርጽ በተሠራ የብረት ሻንሲ ላይ የተጫነ መኪና ነው። ሌሎቹ ቅንጡ መኪኖች አካልና ሻንሲን አንድ አድርገው ቀለል ባሉበት ዘመን እሱ የጭነት መኪናን አጥንት አልጣለም። ሻንሲው አዲስ ነው፤ ኮፈኑና በሮቹ ወደ አሉሚኒየም ተቀይረው መኪናው ከቀዳሚው 200 ኪሎ ግራም ያህል ቀንሷል፤ ሞተሩም ዝቅ ብሎና ወደ ኋላ ገባ ብሎ ተቀምጧል። ያልነኩት አንድ ቁጥር ግን አለ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2,850 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዘጠናዎቹ የረድኤት ድርጅቶች ሲነዱት ከነበረው ላንድክሩዘር 80 ጀምሮ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልተለወጠም። ይህ ርዝመት ሲያጥር መኪናው ይዘላል፣ ሲረዝም ደግሞ ሆዱ ጉብታ ላይ ይቀመጣል። መሐንዲሶቹ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልኩን አገኘነው ብለው የያዙት ነገር ስለሆነ፣ እኔ ከስክሪኑ ሁሉ ይልቅ ይህ ቁጥር ልቤን ይነካዋል።

ይህ የቆየ ጥንቃቄ ከጅምሩ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ ቢጄ የተባለውን የመጀመሪያ ሙከራ መኪና ሠርቶ ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አወጣው። መሪውን የያዘው የሙከራ ሾፌር ኢቺሮ ታይራ ነበር። ይህን ያየው የጃፓን ፖሊስ 289 መኪና አዘዘ፤ ላንድክሩዘር የሚለው ስም የወጣለት ከዚያ በኋላ በ1954 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሸጠው ብዛት 10 ሚሊዮንን አልፏል። በኛ አገር የወረዳ አምቡላንስ ሆኖ የሚያገለግለው ሃርድ ቶፕ የዚሁ ዘር ቅርንጫፍ ነው። ብዙ እናት ከጎጆዋ ሆስፒታል የደረሰችው በእሱ ነው፤ የቅንጦት ወሬ ስናወራ ይህን መዘንጋት የለብንም።

ኮረኮንቹ መጨረሻ ላይ አንድ ወንዝ አለ። ውሃው ጉልበት አይደርስም፤ ድንጋዩ ግን እንደ በግ የተኛ ነው። ፋብሪካው እስከ 700 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይሻገራል ይላል። ሾፌሩ ግን ሳይወርድ አልገባም። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በእግሩ ዳብሶ አየው። ተመልሶ ሲመጣ እኔ ስክሪኑ ላይ ያለውን አሳየሁት። መኪናው ከፊት ያነሳውን ምስል አስቀምጦ ከሆዱ ሥር ያለውን መሬት ያሳያል፤ ጎማዎቹ የት እንዳሉ ይሠምራል።

"ጥሩ ነው" አለ ጫማውን እያሰረ። "ውሃ ሥር ያለውን ግን አያሳይህም።"

ከዚያም ነዳጅና ፍሬኑን መኪናው ራሱ የሚቆጣጠርበትን ዘዴ እንዲሞክር ለመንኩት። እግሩን ከፔዳሉ አነሳ፤ መሪውን ብቻ ያዘ። መኪናው እየተጎተተ፣ እየተንገጫገጨ፣ አንዱን ጎማ እየያዘ ሌላውን እየለቀቀ ድንጋዩን ወጣው። የቀኝ የፊት ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ለአንድ አፍታ ሲሽከረከር ታየኝ፤ ወዲያው ቆመና ጉልበቱ ወደ ግራው ዞረ። ማዶ ስንደርስ ሾፌሩ ዝም አለ። ቆይቶ፣ "ይሄን ለማድረግ እኔ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል" አለ። ቅሬታም ኩራትም አልነበረበትም። በመልሱ ጉዞ ግን ዘዴውን አጥፍቶ በራሱ እግር ነው የተሻገረው፤ ከመኪናው ይልቅ የእሱ አነዳድ ይለሰልስ ነበር።

በደርሶ መልስ፣ ዳገቱንም ኮረኮንቹንም ጨምሮ፣ ዳሽቦርዱ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ገደማ ናፍጣ አሳየን። ለዚህ ክብደት ጥሩ ነው። ቤንዚኑ ከዚህ በግልጽ የበለጠ ይበላል፤ ፈጣን ነው፣ ግን ይበላል። ከናፍጣው ጋር የሚመጣ አንድ ስጋትም አለ። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ የሚያጠራቅም ማጣሪያ ሲኖረው ድኝ የበዛበትን ነዳጅ አይወድም። መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ፣ ይህ ማጣሪያ ይኑረው አይኑረው ሳያጣሩ ከውጭ የመጣ መኪና መግዛት ትልቅ ስህተት ነው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ ነበር። መለዋወጫ ሻጩ መደርደሪያውን እያሳየኝ፣ "የ80፣ የ100፣ የ200 የፈለግኸውን ጠይቀኝ። የ300 ግን ገና ነው" አለኝ። ማጣሪያና ሸራ አለው። የቱርቦና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲሆን ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ ዶላር ነው። ላንድክሩዘር በየትም ቦታ ይጠገናል የሚለው ዝናው የተገነባው በቀዳሚዎቹ ነው። 300 ያን ዝና ወርሶታል፤ ገና በራሱ አላገኘውም። መኪናው ሞላው ብረት፣ ሻንሲው ብረት ሆኖ ሳለ አንጎሉ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ደግሞ ጥቂት ነው።

ስሙ ራሱ ያለ እንከን አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የዚህን ናፍጣ ሞተር የሚሠራው ቶዮታ ኢንዱስትሪስ በጉልበት መለኪያ ፈተናው ላይ ደንብ መጣሱ ታውቆ መኪናውን ከፋብሪካ መላክ ለጊዜው ቆሞ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የቤንዚኑን ሞተር የሚጋሩ 102,000 ገደማ ተንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ መኪኖች፣ ሲሠሩ ሞተሩ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ቀርቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ተጠሩ። ይህን የምጽፈው መኪናውን ለማሳጣት አይደለም። "ቶዮታ ነው አይበላሽም" የሚለው ቃል ብቻውን ለዚህ ያህል ገንዘብ በቂ ዋስትና ስላልሆነ ነው።

ሆኖም ገበያው ፈርዶለታል። ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ዋጋው ከ5.1 ሚሊዮን እስከ 8 ሚሊዮን የን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ቶዮታ ራሱ ገዢዎች እስከ አራት ዓመት ሊጠብቁ እንደሚችሉ አስታወቀ። ገዝቶ ወዲያው የሚያተርፍ በመብዛቱ ሻጮች "በአንድ ዓመት ውስጥ አልሸጥም" የሚል ቃል ያስፈርሙ ጀመር። ሌቦችም ስላነጣጠሩበት በአንዳንድ ደረጃዎች ላይ ሞተሩ በጣት አሻራ ብቻ እንዲነሳ ተደረገ።

እኛ ዘንድ የዋጋው ነገር ሌላ ታሪክ አለው። እኛ ጣርማ በርን በወጣንበት በዚያው የጥቅምት ሰሞን መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ወሰነ፤ የቤት መኪና ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ይፋ አደረጉ። ከሞተሩ መጠን ጋር የሚያድገው ኤክሳይዝ ታክስ ከዚያ በፊትም ነበረ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ቀድሞ የገባ 300 የያዘ ሰው እየነዳው ዋጋው የማይወርድ ንብረት ይዟል። አንድ የመኪና ደላላ ሊብሬውን እያገላበጠ፣ "ይሄ መኪና አይደለም ወንድሜ፣ መሬት ነው" አለኝ። ዋጋው ከአንድ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤት ያስገዛል።

ደላላው የተናገረው የሻጩን እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የነጂው ነው። ከቦሌ ወደ ሳርቤት ብቻውን የሚመላለስ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ጎንደር የሚወጣ ሰው ይህን መኪና መግዛት የለበትም ብዬ አምናለሁ። የሚከፍለው ለሻንሲው፣ ለከባዱ ማርሽ፣ ለተቆላፊው ዲፈረንሻል ነው፤ አንዱንም አይነካውም። ለከተማው የኤሌክትሪክ መኪና ይበቃዋል፤ ጸጥታውም ይበልጣል። ከከተማ ውጭ ያለው የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ገና ጥቂት በሆነበት በአሁኑ ጊዜ ግን ካምፕ ለሚያድር መሐንዲስ፣ ክትባት ይዞ ወረዳ ለሚወርድ የጤና ባለሙያ፣ ለጉድጓድ ቆፋሪ ይህን የሚተካ አላየሁም። ለእነሱ የምመክረው ናፍጣውን፣ ባለ 18 ኢንች ቸርኬውን፣ ማረጋጊያው የሚታዘዘውን ነው። ባለ 20 ኢንቹ ያምራል፤ ጎማው ስስ ስለሆነ ግን ድንጋዩን ቸርኬው ይቀበለዋል፣ ገጠር ያለ ጎሚስታም ምትኩ የለውም። ስክሪኑ ትልቅ ይሁን ትንሽ ግድ የለም።

ለገጣፎ ስንደርስ መሽቷል። ሾፌሩ ያንኑ ማደያ ገብቶ ነዳጅ ሞላ፤ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን ጻፈ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ካምፑ ይሄዳል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ዳበሰ፤ ከኋላው የቀኝ ጎማ ጥርስ ውስጥ የገባች ጠጠር በቁልፍ ፈልቅቆ ጣለ። ከዚያ የጋቢናውን በር ከፍቶ በወንበሩና በመሀል ሣጥኑ መካከል የወደቀውን የባቄላ እሸት መልቀም ጀመረ። እጁ እስከ ክንዱ ገብቷል። አምስት አገኘ። ሁለቱን ለኔ ሰጠኝ።